ጦርነቱና ኳሱ በአንድ ዜና ቢነገሩ ምን ችግር አለው?

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው በየምሽቱ የምንሰማው የዕለት ዜና አንገፍግፏቸዋል። በአንድ የዜና ሰዓት ፖለቲካው፣ ጦርነቱ፣ ኪነ ጥበቡ፣ ስፖርቱና ወንጀሉ ተከታትለው መምጣታቸው መቅረት አለበት ባይ ናቸው። ለዚህም አምስት ምክንያት ደርድረዋል።

አንደኛ፣ የሰው ሞት ተነግሮ ሳይበርድ የኳስ ውጤት መከተሉ ሟቾቹን ማቃለል ነው፤ ሰሚውንም ያደነዝዛል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ስፖርትና ኪነ ጥበብ ሕዝቡ ዋናውን ጉዳይ እንዲረሳ የሚቀርቡ ማዘናጊያዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ የወንጀል ዜና ፍርሃት ከመንዛት ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ይተው። አራተኛ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚፈልገውን በስልኩ መርጦ ስለሚያይ የተቀላቀለ ዜና ጊዜው አልፏል። አምስተኛ፣ የዕለት ዜና ጥድፊያና ስሕተት የበዛበት ነው፤ ሳምንት ታግሶ ትንታኔ መስማት ይሻላል።

ጽሑፉ ከቅን ልብ የወጣ ነው። ብዙ ሰምቶ የደከመው ሰው ድምፅ አለበት። ድካሙን እኔም አውቀዋለሁ። መፍትሔው ላይ ግን አንስማማም። በእኛ አገር እነዚህ አምስት ጉዳዮች ተለያይተው የኖሩበት ዘመን የለም። የሚደርሱባቸው ሰዎች አንድ ናቸው። ቀኑም አንድ ነው። ለያይተን ስናስቀምጣቸው የሚጠቀመው የሚደብቀው ነገር ያለው አካል ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው። የሟቾችን ቁጥር አንብቦ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ በዚያው ድምፅና በዚያው ፈገግታ ወደ ኳስ የሚሻገር ዜና አንባቢ ያናድዳል። በሐዘን ዜና ላይ የሚለቀቅ ሙዚቃም ያናድዳል። ይህ ግን የአንባቢውና የአዘጋጁ ጉድለት ነው። ለአፍታ ዝም በማለት፣ ድምፅን በመለወጥ ይስተካከላል። ለዚህ ሲባል ዜናውን መበጣጠስ አያስፈልግም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ደስታና ሞት ጎን ለጎን ሲነገሩ የሚዋረደው ማን ነው?

መስከረም 1977ን እንውሰድ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ይከበር ነበር። የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓም (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) የተመሠረተው በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ አበባ በባንዲራና በመፈክር ተሸፈነች። ሰልፉና ትርኢቱ የዜናውን ሰዓት ሞላው። በዚያው ወር ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። የአገር ቤቱ ዜና ለበዓሉ እንጂ ለረሃቡ ቦታ አልነበረውም። ዓለም ጉዳዩን በስፋት የሰማው ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከቆረም የላከው ዘገባ ሲተላለፍ ነው።

በዚያ መስከረም አንድ ሐቀኛ የምሽት ዜና ነበር እንበል። የበዓሉ ዝግጅት ይነበባል። ቀጥሎ በቆረም መጠለያ ያደሩት ሰዎች ሁኔታ ይነበባል። የሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ የረሃብተኞቹን ክብር ይነካ ነበር? በፍጹም። የሚያፍረው ሌላ ሰው ነበር። ለዚህም ነው ያልተደረገው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ምን ሊሉኝ እንደሚችሉ ይገባኛል። ጎን ለጎን ማስቀመጥ መሣሪያም ይሆናል። እውነት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ ስለ ወሎ ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። በረሃብተኞቹ ምስል መሐል የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ተሰክቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። አሰካኩ ግን ለአንድ ዓላማ የተሠራ ነበር።

ታዲያ ለዚያ ፊልም ያን ያህል ጉልበት የሰጠው ምንድን ነው? ከፊቱ የነበረው ዝምታ ነው። ወሎ ሲራብ የጊዜው ዜና ደብቆት ነበር። በዓሉም፣ የመንግሥት ጉብኝቱም፣ ረሃቡም በየዕለቱ በአንድ ገጽ እየተነገሩ ቢሆን ኖሮ፣ ሕዝቡ በየዕለቱ እያመዛዘነ ይሄድ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ወገን እጅ ተቀናብሮ ባልቀረበለትም። ስለዚህ ከቅንብር የሚያድነን የተሟላ የዕለት ዜና ነው። ተለያይቶ የተቀመጠ ዜና ለቀናባሪ ይመቻል።

ስለ መደንዘዝም አንድ ነገር ልበል። ሰውን የሚያደነዝዘው ከሞት ዜና ቀጥሎ የሚመጣው ኳስ አይመስለኝም። የሞቱ ዜና ራሱ የሚነገርበት መንገድ ነው። «ማንነታቸው ያልታወቁ ታጣቂዎች በፈጸሙት ጥቃት በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ደርሷል» ይባላል። ስንት ሰው? የትኛው ቀበሌ? ገበሬዎች ናቸው? ሕፃናት አሉበት? የተረፉት የት ተጠለሉ? ምንም የለም። በማግስቱም አይነሣም። እንዲህ ያለውን ዜና በተከታታይ የሰማ ሰው ልቡ ቢደነድን አይፈረድበትም። ጸሐፊው ይህን ቢተቹ ኖሮ አብሬያቸው በጮህኩ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ጸሐፊው በብዙ የተሳሳቱት እዚህ ነውና። ስፖርትና ኪነ ጥበብ ማዘናጊያ ናቸው ይላሉ። መንግሥታት በድል ዜና ሌላውን ለመሸፈን መሞከራቸውን አልክድም። በእኛም አገር፣ በሌላውም ተደርጓል። ግን እስቲ ዜናዎቹን ራሳቸውን እንያቸው።

ሐምሌ 2014 በአሜሪካ ኦሪገን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነበር። ሐምሌ 9 ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። በማግስቱ ታምራት ቶላ የወንዶቹን ማራቶን አሸነፈ። ሐምሌ 11 ጎተይቶም ገብረሥላሴ የሴቶቹን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሳ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ሰበረች። ሐምሌ 16 ጉዳፍ ፀጋይ 5 ሺህ ሜትሩን ወሰደች። ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ4 ብርና በ2 ነሐስ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። አገሩ በደስታ ሰከረ።

ሦስቱ ሴቶች የትግራይ ልጆች ናቸው። በዚያን ሰሞን በጦርነቱ ምክንያት ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ባንክም ዝግ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ልጅ አገር ቤት ላለ ዘመዷ ደውላ ደስታዋን ማካፈል የማትችልበት ጊዜ ነበር። ከወር በኋላ ነሐሴ 18 ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው።

ታዲያ የኦሪገን ድል የየትኛው ክፍል ዜና ነው? የስፖርት ክፍሉ ሰዓቱንና ሜዳሊያውን ብቻ ነግሮ ቢያልፍ ግማሹን ጥሎታል። የጦርነቱ ክፍል ስለ እነዚህ ልጆች ሳይናገር ቢያልፍም ግማሹን ጥሎታል። ባንዲራ ለብሰው እያለቀሱ የቆሙት ልጆች ሁለቱንም ዜና ተሸክመው ነው የቆሙት። እነርሱን ማዘናጊያ ማለት ያሳዝነኛል።

ወደ ኋላ ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ኦሮሚያ ውስጥ ለወራት የዘለቀ ተቃውሞና ግድያ ነበር። የመንግሥት ቴሌቪዥን ውድድሩን በቀጥታ አስተላልፏል። የአገባቡን ምስል ግን በዜናው ደግሞ አላሳየውም። ይህ እንግዲህ ስፖርትን ከፖለቲካ ለይቶ ማቅረብ ማለት ነው። የብር ሜዳሊያው ተነገረ፤ የተጣመሩት እጆች ምስል ግን ተቆርጦ ቀረ። ዓለም ሁሉ ያየውን ነገር ከዋናው ዜና ያጣው የአገሩ ሰው ነው። ፈይሳ አገሩ የተመለሰው በጥቅምት 2011 ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተጫውቷል። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ ኅዳር 5 ቀን 1955፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የረጅም ዓመታት ጦርነት ሁላችንም እናውቃለን። ያን ዋንጫ ስናወራ አስመራን ካላነሣን ምን አወራን? ዋንጫውን ያነሣው ቡድን የዚያን ዘመን አገር ምስል ነው። የፌዴሬሽኑን መፍረስ የሚያነብ ተማሪም ያንን ቡድን ቢያይ ምን እንደ ፈረሰ በደንብ ይገባዋል።

ምሩፅ ይፍጠር በ1968 ሞንትሪያል ላይ ያልሮጠው አፍሪካውያን ኦሊምፒኩን ስላቋረጡ ነው። ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ልካ ነበር። ምሩፅ አራት ዓመት ጠብቆ በ1972 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ፤ እዚያ ደግሞ አሜሪካ በአፍጋኒስታን ምክንያት ቀረች። በላይነህ ዲንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። ከወራት በኋላ በተደረገው የሴኡል ኦሊምፒክ ግን አልሮጠም፤ ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ቀርታ ነበርና። የእነዚህን ሰዎች ሕይወት በስፖርት ገጽ ብቻ መጻፍ አይቻልም። ያለ ስፖርት ገጽም የዚያ ዘመን ፖለቲካ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ አይታይም።

በጎም አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤሌና ሜየር ሁለተኛ ሆነች። ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ አብረው ሜዳውን ዞሩ። ያ ዙር ማንን አዘናጋ? ለብዙ ሰው የአፓርታይድን ማብቃት በዓይን ያሳየ ዜና ነበር።

ኪነ ጥበቡስ? ጸሐፊው ኪነ ጥበብን በሁለት መስመር ነው ያለፉት። እኔ አልችልም። በዓሉ ግርማ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበር። ጋዜጠኛ ነው፣ ደራሲ ነው፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣንም ነበር። በ1974 በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አየ። በ1975 ያንን ዘመቻ መሠረት ያደረገው «ኦሮማይ» የተሰኘው ልቦለዱ ወጣ። መጽሐፉ ታገደ። እርሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም።

ይህን ዜና ለጸሐፊው ላቅርብላቸው። በየትኛው ክፍል ያስገቡታል? መጽሐፍ ነው፣ ስለዚህ ኪነ ጥበብ። ዘመቻ ነው፣ ስለዚህ ጦርነት። እገዳ ነው፣ ስለዚህ ፖለቲካ። የሰው መጥፋት ነው፣ ስለዚህ ወንጀል። በአራት ቦታ ከከፋፈሉት ማንም ሰው ሙሉውን አያገኘውም።

ሃጫሉ ሁንዴሳም እንዲሁ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት አዲስ አበባ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተገደለ። ዘፋኝ ነው። የሞተው በወንጀል ነው። ግድያውን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰዎች በማንነታቸው ተጠቁ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፣ የፖለቲካ መሪዎች ታሰሩ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። በዚያን ቀን «የኪነ ጥበብ ዜና አልሰማም» ያለ ሰው ስለ አገሩ ምንም አልሰማም ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የወንጀል ዜና ነው። ፍርሃት ይነዛል፣ ለፖሊስ ይተው ይላሉ። እዚህም የተሸከሙት እውነት አለ። ፊትን ገልጦ የተጠርጣሪ ምስል ማሳየት፣ ገና ያልተፈረደበትን ሰው «ወንጀለኛው» ብሎ መጥራት፣ የተደፈረችን ልጅ ሰፈርና ትምህርት ቤት መናገር ነውር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል። ይህ ለዜና ክፍሎችም መሆን አለበት።

ግን ለፖሊስ ይተው ማለት መፍትሔ ነው? በጥር 2005 የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ኮሚቴ አባላት በሽብር ተከሰው ጉዳያቸው በፍርድ ቤት ነበር። ጥር 28 ቀን የመንግሥት ቴሌቪዥን እነርሱን ጥፋተኛ አድርጎ የሚያቀርብ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። ተላለፈ። ይህ የሆነው የወንጀል ዜና በመብዛቱ አልነበረም። የወንጀሉ ወሬ ከአንድ ምንጭ ብቻ ስለመጣ ነው። ለፖሊስ የተተወ የወንጀል ዜና የፖሊስ መግለጫ ይሆናል። ተከሳሹ ምን አለ? ጠበቃው ምን አለ? ዳኛው ምን አዘዘ? ይህን የሚጠይቅ ዘጋቢ ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ደግሞም ዛሬ ወንጀልና ጦርነትን የሚለይ መስመር የት አለ? በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ለቤተሰብ እየተደወለ ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቀ። በ2012ም የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታግተው ነበር። እገታው ወንጀል ነው። የተፈጸመው ግን ግጭት ባለበት መንገድ ላይ ነው። መንግሥት አንድ ይላል፣ ታጣቂው ሌላ ይላል፤ ስለዚህ ፖለቲካም ነው። ልጁን በአውቶቡስ የሚያሳፍር አባት ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ይህን ለማወቅ የወንጀል ዜና ያስፈልገዋል። የሚፈራው ዜናውን ስለ ሰማ አይደለም። መንገዱ ስለሚያስፈራ ነው።

የደላሎቹን ነገር ልጨምር። ልጆቻችን በጂቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ የሚሄዱት በደላላ ወሬ ተታለው ነው። በነሐሴ 2015 የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በየመን ድንበር ገድለዋል የሚል ሪፖርት አወጣ። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ሪፖርቱ በዓለም ሚዲያ ሁሉ ወጣ። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ ሊሄድ የተነሣ ወጣት ግን ይህን መስማት ያለበት በመንደሩ ሬዲዮ ነው። ደላላው ስለ ተያዘበት፣ ስለ ተፈረደበት፣ ብሩን ይዞ ስለ ጠፋበት ወንጀል በየዕለቱ ቢነገር አንድ እናት ልጇን ልትመልስበት ትችላለች። ይህን ፍርሃት መንዛት አልለውም።

አራተኛው ነጥብ ስልክ ነው። ሁሉም መርጦ ያያል፣ ዜና በአንድ ላይ ማቅረብ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ትክክል ሊመስል ይችላል። በጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ስልኩና ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ ምርጫው የት ነበር? በ2012 ከሃጫሉ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ሲዘጋስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋስ? ስልክ መዝጋት ቀላል ነው። ትራንዚስተር ሬዲዮ መዝጋት ይከብዳል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ጀምሮ እስከ ዛሬ አድማጭ ያላጣው በከንቱ አይደለም። ዜናው ይነገራል፣ የዜና መጽሔቱ ይከተላል፣ ስፖርቱም ኪነ ጥበቡም ተራው ሲደርስ ይመጣል። ብዙ ገበሬ፣ ብዙ ወታደር፣ ብዙ ስደተኛ ስለ አገሩ ሙሉ ወሬ የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ስልኩ ባይዘጋም ሌላ ችግር አለ። ስልኩ ትናንት የወደድከውን ነው ዛሬ የሚያመጣልህ። ኳስ የሚወድ ወጣት በቲክቶክ ኳስ ብቻ ያያል። የፖለቲካ ንዴት የያዘው ሰው ንዴቱን የሚያባብስ ነገር ብቻ ይደርሰዋል። የራሱ ወገን ሲሞት ይሰማል፣ የሌላው ሲሞት አይሰማም። ይህን ባለፉት ዓመታት በየቤታችን አይተነዋል። አንዱ ስለ ማይካድራው ጭፍጨፋ ያውቃል፣ ስለ አክሱሙ አያውቅም። ሌላው ስለ አክሱም ያውቃል፣ ስለ ማይካድራ አያውቅም። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ጦርነት የሆኑ ናቸው። ለሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ የሚነበብ ዜና ያልመረጥከውን ያሰማሃል። ይህ ያበሳጫል፤ ያስፈልጋልም። ጸሐፊው የሰው ምርጫ ይከበር ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰው የሌላውን ሐዘን ሳይመርጥም መስማት አለበት እላለሁ።

እርግጥ እንዲህ ያለ ዜና እንዲኖር የሚያነበው ተቋም መታመን አለበት። የመንግሥቱም የግሉም ሚዲያ ይህን እምነት በብዙ አጥቷል። ያ ግን የሚዲያ ነፃነት ጥያቄ ነው። የዜናውን ዓይነት በመከፋፈል አይፈታም። አንድ ጣቢያ ስለ ጦርነቱ የሚዋሽ ከሆነ፣ የጦርነቱን ዜና ለብቻው በሌላ ሰዓት ቢያስተላልፈውም ይዋሻል።

አምስተኛውን በአጭሩ ልመልስ። የዕለት ዜና ይቸኩላል፣ ይሳሳታልም። ነገር ግን በየዕለቱ የሚናገር ሰው ስሕተቱን በማግስቱ ማረም ይችላል። ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ስሕተቱን ለማረምም ሳምንት ይጠብቃል፤ እስከዚያ ወሬው በቴሌግራም አገሩን ያዳርሳል። ትንታኔውም ቢሆን ከዕለት ዜና ነው የሚሠራው። በየቀኑ ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ የመዘገበ ከሌለ ተንታኙ የሚተነትነው ግምቱን ነው። ልጇ የታገተባት እናትም ሳምንት ጠብቂ አትባልም።

ከጸሐፊው ጋር አብረን ልንጠይቀው የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ ክትትል። የዕለት ዜናችን ትልቁ በሽታ ትናንት የተናገረውን ዛሬ መርሳቱ ነው። ሳምንታዊ ትንታኔ የሚፈልጉ ከሆነ ለዚህ ይዋል። ከደባርቅ መጥተው የታገቱት ስንቱ ተመለሱ፣ ማን ተከሰሰ? ከኦሪገን የተመለሱት አትሌቶች ዛሬ የት ይለማመዳሉ? በጦርነቱ የፈረሱት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስንቱ ተከፈተ? እያንዳንዱን ጥያቄ ስሙ የሚጠራ ዘጋቢ ይያዘው፤ መልስ እስኪገኝ ድረስም የዜናው መጨረሻ ላይ በየሳምንቱ ይነበብ።